የአልቃሹ ሽጉጥ ግምት

የአቶ መኩሪያ ሽጉጥ ማልቀስ የጀመረው በሰልስታቸው ዕለት፣ ለቀስተኛው ከድንኳኑ ወጥቶ ሲያበቃ ነው። ድምፁ የሴት ነበር። ጎረቤት እንዳይረበሽ ስንዱ ትራስ ደረበችበት፤ ከትራሱ ስር ሆኖም አለቀሰ፤ ትራሱ ራሰ።

ስንዱ የሟቹ ታላቅ ልጅ ናት፤ አባቷን ስታስታምም ዕድሜዋ ያለፈ። አባቷ የተዉት ሁለት ነገር ነው፤ እሷ የምትኖርበት ቤትና እጀታው በብር የተለበጠ ይህ አሮጌ ስድስት ጎራሽ። በእነሱ ወገን ውርስ ሲካፈሉ ታላቅ ይደለድላል፣ ታናሽ ይመርጣል። ስንዱ ቤቱን በአንድ ወገን፣ ሽጉጡን በሌላ ወገን አደረገች። ወንድሟ ጌጡ ሽጉጡን ከመረጠ ቤቷ ይቀርላታል። እሱ ግን ሳይገመት አልመርጥም አለ።

ስለዚህ የጥንት ዕቃ ገማቹ አቶ ዘርጋው ተጠሩ። ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ገቡና ሽጉጡን ከትራሱ ስር አውጥተው በመዳፋቸው መዘኑት። አፈሙዙን አሸተቱ። እጀታውን በመሐረብ ጠረጉት፤ ወዲያው መልሶ ረጠበ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ።

«ከሰልስቱ።»

«ለቅሶው ላይ የት ነበር ያኖራችሁት?»

«ከፎቷቸው አጠገብ፣ ከካባቸው ጋር» አለች ስንዱ። «ሰዉ እያየው እንዲያለቅስ። እንደ ወጉ።»

«ሰው አልቅሶ ሲደክመው ሽማግሌ ‹በቃ፣ ተቀመጡ› ይላል። ይሄንንስ ማን በቃ አለው?»

እህትና ወንድም ተያዩ። ማንም አላለውም።

«ይኸው ነዋ!» አሉ አቶ ዘርጋው። ወደ ሽጉጡ ጎንበስ ብለው፣ «በቃ የኔ እመቤት፣ ይብቃሽ። እግዜር ያጽናሽ» አሉት።

ሽጉጡን ሳግ ያዘው። ከዚያ ዝም አለ።

«እኔ እኮ ጠበል ልወስደው ነበር» አለ ጌጡ። «አሁንስ ምን ያህል ያወጣል፣ ጋሼ?»

«ቤቱን ያህል። ውስጡ ንጹሕ ከሆነ።»

ስንዱ የአባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቤቱ ሊቀርላት ነው።

አቶ ዘርጋው ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ክፍል ከፈቱ። ከስድስቱ ጉድጓዶች አምስቱ ባዶ ናቸው። በስድስተኛው ጥቁር ነገር ብቅ ብሏል። በወረንጦ ይዘው ሳቡት። የተጎነጎነ ጸጉር ነበር። ሲስቡት መጣ፤ ደግመው ሲስቡትም መጣ። ጉንጉኑ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉ ላይ ተጠመጠመ። ክፍሉን የቅቤና የአደስ ሽታ ሞላው።

ስንዱ ሽታውን አወቀችው። ልጅ ሳለች እንቅልፍ የሚወስዳት እዚያ ሽታ ውስጥ ነበር። አንድ ጠዋት ስትነቃ ሽታው የለም፤ አባቷም «እናትሽ ጅቡቲ ሄዳለች» አሏት። ጌጡ ያኔ ጡት አልጣለም።

«ጌጡ፣ የእማዬ ነው።»

«እማዬ ጅቡቲ ናት» አለ ጌጡ፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

«እስቲ አሽትተው።»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

አቶ ዘርጋው ከኮታቸው ኪስ መቀስ አውጥተው ስንዱ ፊት አኖሩ። «ከስሩ ከተቆረጠ ቤቱን ያህል ያወጣል። ካልተቆረጠ ብረት ነው። የምገምተው ዕቃ ነው፤ ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ።»

«ቁረጪውና እንገላገል፣ እትዬ» አለ ጌጡ። «ሽጉጡን እወስዳለሁ። አንቺም እዚሁ ቤትሽ ትኖሪያለሽ።»

ስንዱ መቀሱን አነሳች። ግድግዳውን አየች፤ እርጥበቱ የጀመረበትን ጥግ፣ አምና እሷ ራሷ የለሰነችውን። ከዚያ መቀሱን መልሳ አስቀመጠች።

«ቤቱን ውሰድ።»

«አብደሻል እንዴ?»

«ታናሽ አይደለህ? ምረጥ።»

ጌጡ ቤቱን መረጠ። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ኪሱ ከተተና አቶ ዘርጋውን ሊሸኝ ወጣ። ጉንጉኑን እንዳይረግጥ እግሩን ከፍ አድርጎ ተሻገረው።

ስንዱ ሽጉጡን ጭኗ ላይ አድርጋ ጉንጉኑን እየሳበች በክንዷ ላይ ትጠቀልል ጀመር። ጸጉሩ ለብ ያለ ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ተሸፈነ፤ ያኔ ጉንጉኑ ተወጠረ። እጇን አቆመች።

ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው፣ የልጅ ጸጉር እንደሚያበጥር ሰው፣ እንዳያማት እየተጠነቀቀ ይስባት ጀመር።