በኋላ አስታውሰኝ

«ቫይረስ ነው» አለ አጎቷ ሻዩን እያማሰለ። «የኛ ቤቱንም እንዲሁ አድርጎት ነበር።»

«ቫይረስ የለበትም፤ አይቼዋለሁ» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ ለምን አይሠራም?»

«ይሠራል። ቀርፋፋ ሆኖ ነው።»

አጎቷ ብድግ ብሎ የኮምፒውተሩን ሣጥን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረው ክብ ከቁብም አልቆጠረችው። ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳውን ተከትለው የተቀመጡት ለቀስተኞች አንገታቸውን አሰገጉ። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ቀብሩ የሚባለው ሁሉ ተብሎ አልቋል። የማይሄድ ኮምፒውተር ለሁሉም ግልግል ሆኖላቸዋል።

«አንቺ ልጅ፣ አጥፍተሽ አታበሪውም?» አለች ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ።

ይህን ምክር ከልጅቷ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ስልክ ታነሳለች። በቀን አርባ ጊዜ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች፣ በለሰለሰ ድምፅ «አጥፍተው ያብሩት» ትላለች። አሁን ግን የፎቶዎቹን ማኅደር ከከፈተች ግማሽ ሰዓት ሆኗታል፤ ሥዕሎቹ ገና አንድ በአንድ ብቅ ማለት መጀመራቸው ነው። ካጠፋችው እንደገና ከዜሮ ልትጀምር ነው።

«የአባዬ ፎቶ የታለ?» አለ ታላቅ ወንድሟ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ። «ማተሚያ ቤቱ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የሚጠብቀን።»

«እየመጣ ነው።»

«በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። ወንድሟ ነገ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ በተሰበሰበበት የሚያነበውን የአባታቸውን የሕይወት ታሪክ እየጻፈ ነበር። ሳቁ ስላበረታታው ወረቀቱን አነሳ።

«እስቲ ይቺን ስሙኝ፣ አሁን ነው የጨመርኳት። ‹አባታችን አንድ ጊዜ እንቢ ካለ አለ ነው። ያንን ኮምፒውተር አጥፋው ቢባል፣ ቢለመን፣ እናታችን ብትቆጣው፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ አሻፈረኝ እንዳለ ማሽኑን ሳያጠፋ ቀድሞት ሄደ።›»

ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። ሦስት ቀን ሙሉ ያልተሳቀ ሳቅ ስለነበር አጎቷ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። «እሱ እኮ ነው! ቁጭ እሱን!» አለ። እናቷ ብቻ ዓይኗን ከምንጣፉ ላይ አላነሳችም።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። የተጻፈ ነገር ሳይጨርስ አያልፍም፤ የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት ሳይቀር እስከ መጨረሻው መስመር ያነባል። ጡረታ ወጥቶ ይህን ኮምፒውተር ሲገዙለት፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ ሥራ ቦታዋ ድረስ እየደወለ ያነብላት ጀመር።

«ዘግይቷል» ይላታል።

«ምን ያህል ዘገየ፣ አባዬ?»

«ከፍቼው እሄዳለሁ። ጢሜን ተላጭቼ ስመለስ ገጹ ግማሽ ደርሷል።»

«እሺ፣ ስመጣ አየዋለሁ።»

አልመጣችም። የመጣች ጊዜም ምሳ በልታ ሄደች።

ፎቶዎቹን ትታ፣ የማሽኑን አቅም ምን እየበላው እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። ይህንንም ለመክፈት አጎቷ ሁለተኛ ሻዩን ጨረሰ። ከታች በኩል ማሽኑ ሳይጠፋ የቆየበት ጊዜ ተጽፏል፤ 286 ቀን። ወንድሟ ያጋነነ መስሏት ነበር፤ እንደገና አየችው። መብራት በሄደ ቁጥር መጠባበቂያ ባትሪው ይዞት ቆይቷል። ወዲያው አንድ ማስታወቂያ ብቅ አለ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና መነሳት እንዳለበት ይናገራል። ሥሩ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው «አሁን»፣ ሁለተኛው «በኋላ አስታውሰኝ»። አባቷ በየቀኑ ሁለተኛውን ሲጫን ኖሯል ማለት ነው።

ምን ነክቶት ነው? ብላ ተበሳጨች። ይህ ሰው የሚነገረው አይሰማም?

ገመዶቹን ልታይ ስክሪኑን ወደ ራሷ ስትስብ ከጀርባው የተለጠፈ ወረቀት እጇን ነካት። ጽሑፉ የራሷ ነው። «አባዬ፣ እኔ ሳልነግርህ እንዳታጠፋው» ይላል። እሷ የዘለለችውን አራት ነጥብ አባቷ በቀይ እስክሪብቶ ጨምሮላታል።

ይህን የጻፈች ቀን የድሮ ፎቶዎቻቸውን ወደ ኮምፒውተሩ እየገለበጠች ነበር። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ሳያልቅ መሄድ ስለነበረባት ወረቀቱን ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፋ ወጣች፤ ወደ ጀርባው ያዛወረው እሱ ይሆናል።

ከሳምንት በኋላ ደውሎላት ነበር።

«ልጠይቅሽ ብዬ ነው። አሁን ላጥፋው?»

«አባዬ፣ ሌላ ሰው መስመር ላይ አለ። መልሼ እደውላለሁ።»

ሌላው ሰው የማተሚያውን ገመድ ሳይሰካ «አልታተመልኝም» የሚል ደንበኛ ነበር። ለእሱ ሃያ ደቂቃ ሰጠችው፤ አንዴም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ለአባቷ መልሳ አልደወለችም።

ከወንበሩ ተነሳች።

«ያችን ስለ ኮምፒውተሩ ያልካትን አውጣት» አለችው ወንድሟን።

«ለምን? ሰዉ እኮ ወደዳት!»

«አውጣት አልኩህ።»

«አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሻል? በገዛ ማሽኑ ቢሳቅ...»

«እኔ ነኝ አታጥፋው ያልኩት። እስክነግርህ አልኩት፤ ከዚያ ረሳሁት። እሱ እየጠበቀኝ ነበር።»

የአጎቷ ማንኪያ ብርጭቆው ውስጥ ቆመ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከስክሪኑ ጀርባ የላጠችውን ወረቀት ለወንድሟ ሰጥታ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ እኔ...»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ።

«ታውቂ ነበር?»

«አንድ ቀን ልነግርሽ ስደውል ስልኩን ከእጄ ቀማኝ። ‹ሥራ ይዛ ነው፣ አታዋክቢያት፤ ራሷ ታስታውሳለች› አለኝ።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ ግትር ሲለው ለምን ዝም አልሽ?»

እናቷ ምንጣፉን አየች። «ልጄ ረሳችኝ ከሚል፣ ግትር ቢባል ይቀለዋል።»

ወንድሟ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ አንገቱን ደፋ። እስክሪብቶውን አንስቶ መስመሩን ሰረዘ፤ ማንም እንዳያነበው በላዩ ላይ ደጋግሞ ሰረዘበት።

«ፎቶውስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ይደርሳል። ሲነሳ ይፈጥናል።»

ተመልሳ ተቀመጠችና «አሁን» የሚለውን ተጫነች። ማሽኑ ለመጥፋትም ጊዜውን ወሰደ። የከፈተውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘጋ፣ አጉረመረመ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። የማራገቢያው ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ስለማያውቁ ለቀስተኞቹ የያዙትን ሹክሹክታ ሳይቀር አቋረጡ።

እናቷ የልብስ ሰፊዋን ትከሻ ተደግፋ ተነሳች። መጥታ መዳፏን የሕመምተኛ ግንባር እንደሚዳሰስ ሣጥኑ ላይ አሳረፈች።

«ይሞቃል» አለች።

«አሁን አብሪው» አለ አጎቷ ከኋላ።

ልጅቷ ጣቷን ማብሪያው ላይ አድርጋ የእናቷን እጅ ጠበቀች። እናቷ ሣጥኑ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጇን አላነሳችም።