የሠርኬ ድምፅ

«ወንድሜን የገደለው ያ ወረቀት ነው» አለ ፈለቀ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእድሩ ዳኛ መናገሩ ነበር፤ ድንኳኑ ግን ጠባብ ስለሆነ ቃሉ ሠርኬ ዘንድ ደረሰ። ሠልስት ነው። ከተክለ ሃይማኖት ከተመለሱ ገና ሰዓት አልሞላም። ሠርኬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጫፉን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ቦጋለ ከሞተ ጀምሮ እንባዋ እንጂ ድምፅዋ አልወጣም። ከደጀን እስከ መርካቶ በሙሾዋ የታወቀችው ሴት ለገዛ ባሏ አንድ ስንኝ አላወረደችም።

«መድኑን ለራሱ ቢገባ ኖሮ ሐኪም ልቡን አስቀድሞ ባየው ነበር» አለ ፈለቀ ቀጥሎ። «ለእሷ እንቅርት ሲል ራሱን ረሳ።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው» ስትል ጎረቤቷ አበራሽ በሠርኬ ጆሮ አንሾካሾከች። «ሐዘኑ አነሰሽና ደግሞ ነገር!»

ፈለቀ የተናገረውን ሠርኬ ለሦስት ቀን ለራሷ ስትለው ሰንብታለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ከተማ የሚባል የመድን ወኪል መርካቶ ወደሚገኘው የጨርቅ ሱቃቸው ሁለት ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር።

«ጋሽ ቦጋለ፣ ይኼኛው ውል ርካሽ ነው፤ እርስዎንም እትዬ ሠርኬንም ይይዛል። ያደረ በሽታ ግን አይነካም። ያኛው ውድ ነው፤ የሚይዘውም አንድ ሰው ብቻ። ነገር ግን አንድ ዓመት ከታገሡ ያደረውንም ያሳክማል።»

«ያደረ ስትል የእሷን እንቅርት?»

«አዎ፣ እንዲያ ያለውን።»

ያን ጊዜ የሠርኬ አንገት አብጦ ድምፅዋ መሻከር ጀምሯል፤ ለቅሶ ቤትም መጠራቷ ቀርቷል። ቦጋለ አቡጀዲ እንደሚመርጥ ሰው ሁለቱን ወረቀቶች በጣቶቹ አሻቸው።

«ውዱን ስጠኝ። በእሷ ስም።»

«አንተስ?» አለች ሠርኬ።

«እኔ ምን ሆንኩ? በሬ አይደለሁ እንዴ!»

ፈለቀ ከደጃፉ ሳቀ። «ወንድሜ፣ አንተ ስትወድቅ ማን ሊያነሳህ ነው?»

«እድሩ አለ።»

«እድር የሚያነሳው ሬሳ ነው!»

«ታዲያ ለዚያ ቀን እሱ ይበቃኛል። ለድምፅዋ ግን እድር አልተቋቋመም።»

ዓመቱን ታገሡ። ሠርኬ ሆስፒታል ገብታ እንቅርቷን አስወግዳ፣ ተሰፍታ ወጣች፤ ጠባሳዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ ቦጋለ ጣቃ ሊያወርድ እጁን እንደ ዘረጋ ወደቀ።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከድንኳኑ በር አጠገብ የተነሣው ጁነዲን ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከቦጋለ ጋር በአንድ ግድግዳ የተጎራበተው ነጋዴ።

«የወደቀው እጄ ላይ ነው። ያቀረብኩለትን ውሃ እንኳ አልዋጠም፤ ታክሲ ሳይደርስ አለፈ። የቱ ወረቀት ይደርስለት ነበር?»

«አስቀድሞ ቢታይ ነው ያልኩት!»

«እሱን አላህ ያውቃል። እኔ የማውቀውን ልንገርዎ። በጥር እትዬ ሠርኬ ከመጋረጃው ጀርባ ጨርቅ እያጠፉ ማንጎራጎር ጀመሩ። ቦጋለ ሜትሩን ጣለው። ደንበኛው ‹ኧረ ለካልኝ!› እያለው ትቶት ወደ እኔ ሱቅ መጣ፤ ክንዴን ይዞ ጎትቶ መጋረጃው ሥር አቆመኝ። ‹ጁነዲን ሙት፣ ስማ! በዕድሜዬ እንዲህ አትርፌ አላውቅም› አለኝ። የከሰረ ሰው እንዲያ አይስቅም፣ ጋሽ ፈለቀ።»

የእድሩ ዳኛ አቀርቅረው ከዘራቸውን ያዩ ነበር። ሠርኬ ያን ቀን አስታወሰች፤ መጋረጃው ሲነቃነቅ ነፋስ መስሏት ነበር።

ከፍራሹ ተነሣች። በመጀመሪያ የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር፤ ሁለተኛው ግን ድንኳኑን አልፎ መንገዱን ሞላ።

*አትበሉ በወሬ ሞኝ ነጋዴ ነበር፤*
*ድምፄን ገዝቶ ሰጠኝ ምንም ሳይከራከር።*

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። ከውጭ ሸክም ያዘለ ኩሊ ቆመ፤ የማዶው ባለሱቅ መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ መጣ።

*እሱ ያዳነው ድምፅ ዛሬ ይጠራዋል፤*
*የቦጋለን ትርፍማ ሰፈር ይሰማዋል።*

«ወንድሜን! ወንድሜን!» ብሎ ፈለቀ ሁለት እጆቹን ራሱ ላይ ጫነ። ቦጋለ ከተቀበረ ወዲህ ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነው። ሠርኬ ወደ እሱ ዞረች፤ ቂም አልነበራትም፤ ቀጣዩን ስንኝ ለእሱም ጭምር አወረደችው።

ከዚያም ትንፋሽ አጠራት። የጠመጠመችውን ነጠላ ከአንገቷ ፈታችው። ጠባሳው በቀን ብርሃን ለሰው ሁሉ ታየ። አበራሽ ደንግጣ ልትሸፍንላት እጇን ሰደደች፤ ሠርኬ ግን ያንን እጅ በቀስታ ይዛ መለሰችው፤ አንገቷን ቀና አድርጋም ለሚቀጥለው ስንኝ አየር ሳበች።