ያዢልኝ

ከሀና ማርያም ሠልስት አውጥተው የሚመለሱት ሴቶች የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ከቤት ውስጥ ድምፅ ሰሙ። ቲን። ቲን። ደግሞ ቲን። ሐዘን ቤት ውስጥ ሰው ፒያኖ ይመታል።

«ማነው ይሄ ስድ?» አለች ከጎረቤት ሴቶች አንዷ ሸጊቱ።

ባል የሞተባት አምሳለ ከመካከላቸው ናት። እስከዚያ ድረስ ሴቶች ደግፈዋት ነበር የምትራመደው። ድምፁን ስትሰማ ክንዳቸውን አራግፋ፣ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ፣ ድንኳኑን ሰንጥቃ ገባች።

ኤልዳድ ነው። ሟቹ ባሏ ከበበው ፒያኖ መቃኘት ያስተማረው፣ ዛሬ ለቡ ባለ የጴንጤዎች ጸሎት ቤት የሚያገለግል ጎልማሳ። የጋሼ ከበበውን ፎቶግራፍና የንፍሮውን ሳህን ከፒያኖው ላይ አውርዶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ በመቃኛ ቁልፍ ሽቦ ያጠብቃል። በእነሱ ወግ ሐዘን ቤት ይዘመራል፤ ነውር መሆኑ ጭራሽ አልታየውም።

«እማማ፣ መጡ?» አለ ላቡን እየጠረገ። «ጋሼ ታመው ስለነበር አንዷ ድምፅ ወርዳባቸው ነበር። አስተካከልኳት። የእሳቸው ፒያኖ ተበላሽቶ ሰው ቢሰማው ደግ አይደለም ብዬ ነው።»

«የቷን?»

በጣቱ ነካት። አምሳለ የሰማችው የሰው ቤት ድምፅ ነው። ንጹሕ፣ የታጠበ፣ የማንም ያልሆነ።

«መልሳት።»

«ወዴት ልመልሳት?»

«ወደነበረችበት ነዋ።»

«እማማ፣ ወርዳ ነበር እኮ። ምን ያህል እንደወረደች አልያዝኩትም። በበሽታቸው ጊዜ የወረደች መስሎኝ።»

አምሳለ ያንን ሣጥን ወዳው አታውቅም፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ከበበው የመርጌታ ልጅ ነው። ከአባቱ ዜማ ሸሽቶ አዲስ አበባ ገባና አንዲት አርመን እመቤት ቤት ዘበኛ ሆነ። ሴትዮዋ አመሻሽ ላይ የሀገሯን የተራራ ሰዎች ዘፈንና የቤተ ክርስቲያኗን ጸሎት በፒያኖ ታወጣዋለች። እሱ አትክልት የሚያጠጣበት ውሃ ጫማውን እስኪሞላው መስኮቱ ሥር ይቆማል። አንድ ቀን ድፍረት አገኘና «እሜቴ፣ ይሄ እኮ አባቴ በዐቢይ ጾም ቆሞ የሚያዜመው ነው» አላት። ሳቀችበትም፣ አስገብታ አጠገቧ አስቀመጠችውም። በአብዮቱ ጊዜ ከአገር ስትወጣ ፒያኖውን ለእሱ ተወችለት።

በጋሪ መጣ። የሰፈሩ ጭቃ ውስጥ ጋሪው ተቀርቅሮ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ገፋው። የአምሳለ አልጋ ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ጓዳ ገባ። «እኔን አግብተህ ስታበቃ ቁምሣጥን ደረብክብኝ» አለችው። ሰፈሩም ከዚያ ወዲህ «ከበበው ፒያኖ» እያለ ጠራው።

ግን ፒያኖው ለእሱም አልታዘዘለትም። የአባቱን ዜማ ሲያነሳ፣ አምሳለ ከመንዝ ያመጣችውን እንጉርጉሮ ሲያነሳ፣ ልክ እንባ የሚመጣባት ቦታ ላይ ሲደርስ ፒያኖው ዘሎ ያልፋታል። «ይሄ የፈረንጅ ዕቃ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለበት» ይል ነበር። አንድ ቀን ወጥ ስታማስል ጠራት።

«አምሳል፣ ያቺን ድምፅ ያዢልኝ።»

እሷ ድምፅዋን ዘርግታ ትይዛለች፤ እሱ ሽቦውን ትንሽ ትንሽ እያላላ ይከተላታል። ሲገጥም በጣቱ አንጓ እንጨቱን ኳ ኳ ያደርጋል። ይበቃል ማለቱ ነው። እስኪያንኳኳ ማቆም የለም፤ ወጡም ይረር። ሽቦ ሁልጊዜ መስመሩን ይለቃልና ክረምት በወጣ ቁጥር ያው ነው፤ ያዢልኝ። «የሰው ባል ብር ያዢልኝ ይላል» ትለዋለች። «የኔው ጉድ ድምፅ።» እያጉረመረመች ትይዝለታለች። ዘንድሮም ታሞ ሳይተኛ ይዛለታለች።

አሁንም ያቺን ድምፅ ልትይዝለት ኤልዳድ ፊት አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም። ከቀብሩ ጀምሮ ስታለቅስ፣ ሙሾ ስታወርድ፣ ጉሮሮዋ ተዘግቷል። የወጣው እንደ ዛገ በር የሚነፋረቅ ነገር ነው። ደግማ ሞከረች። ባሰበት።

«ሌላ እንዳትነካ» አለችው በሹክሹክታ። «ክዳኑን ዝጋ። ድምፄ ሲመለስ አስጠራሃለሁ።»

«ባይመለስስ፣ እማማ?»

«ከተመለሰ ተመለሰ። ካልተመለሰ እሷንም ቀበርናት።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አምሳለ ማልቀስ ተወች።

ለቀስተኛው ከበሩ ጀምሮ «ወይኔ ጋሼ ከበበው» እያለ ይገባል። ሐዘንተኛዋ ተነስታ ልትቀበለው፣ አብራው ልትጮህ ይገባል። እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ፍራሹ ላይ ትቀመጣለች፤ ሸጊቱ ለጉሮሮዋ ለብ ያለ ተልባ ታቀብላታለች። አርፋም አትቀመጥም። ትነሳለች፣ መስኮቱን ትዘጋለች፣ ፒያኖው ላይ የተደረደረውን ብርጭቆ ታነሳለች፣ ክዳኑን ትዳብሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች።

«ምን ነክቷታል? እሾህ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጧት?» ይባላል ጥግ ላይ።

«ድሮም በዚያ ሣጥን ሲጣሉ ነበር።»

«ተልባ ትጠጣለች እኮ። ባሏ አፈር ውስጥ፣ እሷ ተልባ።»

ሰማች። ምላሷ ሹል ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን የሁሉንም ጓዳ አንድ በአንድ ታወጣው ነበር። አሁን ለቁጣም የሚተርፍ ድምፅ የላትም። ዋጠችው።

የእድሩ ዳኛ አቶ ዲንሳ ጎንበስ ብሎ መከራት። «አምሳለ፣ ሰው ታዝቧል። ትንሽ እንኳ አልቅሺ።»

«ልቅሶም በእድር ሆነ፣ ጋሼ ዲንሳ?» አለች በሹክሹክታ። «ያላለቀሰ ይቀጣ ይበሉና ይረፉ።»

ከሁሉ የከፋው ግን፣ የባሏ እህት ከገጠር የመጣችበት ዕለት ነው። አሮጊቷ ከአውቶቡስ አቧራዋ ጋር መሬት ላይ ወደቀች። «ወንድሜን የምታለቅስለት ሚስት እንኳ የለችው» አለች። አምሳለ እንባዋ እንደ ወተት ገንፍሎ ጉሮሮዋ ድረስ ደረሰ። ነጠላዋን ነከሰችው። ጨርቁ ተቀደደ፤ ድምፅ አልወጣም። ሴትዮዋን አቅፋ ወዘወዘቻት፤ ሴትዮዋ ግን ገፋቻት።

ድንኳኑ የሚነሳበት ቀን ደረሰ። ጠዋት አምሳለ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ሞከረችው። ቀጭን ነው፤ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አለ። ኤልዳድን አስጠራች።

የእድር ሰዎች ካስማ እየነቀሉ ነበር። ኤልዳድ ክዳኑን ሲከፍት አቶ ዲንሳ በሩ ላይ ቆመ።

«በሙት ቤት ዘፈን ልታሰሚን ነው?»

«አልቅሺ ሲሉኝ አልነበር? ይኸው። ይስሙ።»

ዓይኗን ጨፈነች፤ እንጉርጉሮውን ከታች ጀመረችው። እንባ የሚመጣባት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ድምፁን ዘርግታ ያዘችው። ኤልዳድ በአንድ እጁ የፒያኖውን ጥርስ እየነካ በሌላው ቁልፉን አላላ። ሽቦው ጎረበጠ፤ ጮኸ፤ ወረደ። ትንሽ ቀረው። ደግሞ ትንሽ። ከዚያ የአምሳለና የሽቦው ድምፅ አንድ ሆነ፤ የቱ የማን እንደሆነ የሚለየው ጠፋ። የባሏ እህት ከፍራሹ ቀና አለች። «የአባዬ የዜማ ድምፅ ናት» አለች ቀስ ብላ።

ኤልዳድ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ። «ገባች፣ እማማ።»

አምሳለ አላቆመችም።

«እማማ፣ ይበቃል። ደርሳለች።»

እንደያዘችው ነው። የአንገቷ ሥር ተገትሯል፤ ትንፋሿ እያለቀ ነው፤ ድምፁ ግን አልወረደም። ውጭ ካስማ የሚነቅሉት ሰዎች እጃቸው ላይ ገመድ እንደያዙ ቆመዋል። ሸጊቱ ልትነካት እጇን ዘረጋችና ተወችው። አምሳለ ጆሮዋን ወደ እንጨቱ አዘንብላለች፤ ትጠብቃለች።

የሚያንኳኳ የለም።

ቀኝ እጇን አነሳች። ጣቷን አጥፋ በአንጓዋ እንጨቱን መታችው፤ ኳ ኳ።

ከዚያ ዝም አለች።