ሞረድ ያልነካው ጫፍ

ሙነዋር ቴስተሯን ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። ሌላዋ ሴት ማበጠሪያና መሐረብ በምትይዝበት ቦርሳ ውስጥ እሷ ኮረንቲ ስትነካ እጀታዋ ላይ ቀይ የምትበራውን ካቻቢቴ ትይዛለች። ላሆር ውስጥ የሰው በር ደወል እንኳ በቴስተር ሳትነካ በጣቷ ነክታ አታውቅም። ጎረቤቶቿ ከሩቅ ሲያዩዋት "ቆጣሪ አንባቢዋ መጣች" ይላሉ፤ ልጇ ነይላም አብራቸው ትስቃለች።

አንድ ማክሰኞ ግን ነይላ አልሳቀችም። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ስድስት ዝም ያሉ የመስሚያ መሣሪያዎችን ሰጥቷታል። ስድስቱንም እስከ ሐሙስ ካስነሳቻቸው የጥገና ክፍሉ ሥራ የሷ ነው። አንዱን እንኳ ካቃጠለች ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የመሣሪያዎቹ ሆድ ዕቃ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ቤት ያለው የአባቷ የፈዝል የብየዳ ካውያ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን የኖረ፣ ጫፉ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ነው።

"በሱ መሥራት ምስር በአካፋ መልቀም ነው" ብላ ነይላ እናቷን የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሆል ሮድ ወሰደቻት።

የሃጂ መንዙር ሱቅ ከደረጃው ሥር ነው። ሃጂ የሻይ ስኒውን አስቀምጦ ተነሣ።

"ምን ልታዘዝ እኅቴ?"

"ልጄን የማይገድል ካውያ።"

"የሚገድል አልሸጥም። ሰው ሲሞት ደንበኛ ይቀንሳል።"

ነይላ በኀፍረት አንገቷን ደፋች። ሃጂ ሦስት ዕቃ ደረደረ። አንደኛው ሳጥን የሌለው፣ እንጨት መሳይ ተራ ካውያ ነው፤ አንዴ ከሰኩት ይግላል፣ ይግላል፣ የሚያቆመው የለም። ሁለተኛው ሰማያዊ ቁጥር የሚያበራ፣ እንደ ሙሽራ መኪና ያጌጠ ሳጥን ያለው ነው። ሦስተኛውም ሳጥን አለው፤ ግን ግራጫ ነው፣ ፊቱ ላይ ካለች አንዲት መዘውር በቀር ጌጥ የለውም። ሁለቱ ባለ ሳጥኖች የተባሉትን ያህል ግለው እዚያው ይቆማሉ። ነይላ ያጌጠውን አየች፤ ዓይኗም እዚያው ቀረ።

ሙነዋር ግን ጥያቄዋን ጀመረች።

"መብራት ሄዶ ድንገት ሲመለስስ?"

"ያዘዙትን ሙቀት አይረሳም።"

"የጋለው ጫፍ ሽቦውን ቢነካስ? ቀልጦ ቤት ቢያቃጥልስ?"

ሃጂ ሦስቱንም ሰክቶ አጋላቸውና የግራጫውን ጫፍ በራሱ ሽቦ ላይ አሳረፈው። ሽቦው እንደ ጎማ ለስላሳ ነው፤ አልቀለጠም፣ አልሸተተም። የተራው ካውያ ሽቦ ግን የራሱ ጫፍ ሲነካው ወዲያው ጨሰ።

"እሺ፣ ከጫፉ ላይ መብራት ቢያመልጥስ?"

"እኅቴ፣ ከባልዎ ጋር ሲጣሉ ማን ያስታርቃችኋል?"

"አንጣላም። የሚመጣውን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።"

ቴስተሯን አውጥታ ተራውን ነካች፤ መብራቷ ቀላች። ያጌጠውን ነካች፤ ያው ቀላች። የሃጂ ፈገግታ ጠፋ። ያጌጠውን ስፒና ፈትቶ ውስጡን አየ። ሦስት እግር አለው፤ ያመለጠ መብራት ወደ መሬት ከሚወስደው ከሦስተኛው እግር ጋር የተያያዘ ሽቦ ግን የለም፤ እግሩ ለታይታ ነው የተተከለው።

"ስንቱን ሸጥኩት መሰላችሁ" አለ ቀስ ብሎ፣ ዕቃውን ከመደርደሪያው ላይ እያነሣ።

ግራጫውን ስትነካው ቴስተሯ ጨለማ እንደሆነች ቀረች። ደግማ ነካችው። ሦስተኛ ጊዜም ነካችው።

"ያቺን የምታህል ያመለጠች መብራት ሰው አትገድልም" አለች ነይላ፣ እናቷን በአዲስ ዓይን እያየች። "ምስሯን ግን ትገድላት ነበር።"

"ትርፍ ጫፍም እንውሰድ" አለች ሙነዋር።

"እማ፣ አንዱ እኮ ዓመት ይሠራል። ቶሎ ነይ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል።"

ነይላ ቀድማ ደረጃውን ወጣች። ሙነዋር ዞር ብላ አንድ ቀጭን ጫፍ አስጨመረችና ሻሿ ዳር ላይ ቋጠረችው። ለነይላ አልነገረቻትም፤ ደግሞ በፍርሃቷ እንዳትስቅባት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ነይላ ካውያ የሚያቀልጠውን ቀጭን የብየዳ ሊድ ከሰፈር ሱቅ ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ አባቷን በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ፈዝል ሥራ አቁሟል፤ ዛሬ ግን ጭኑ ላይ አዲሱ ካውያና ሞረድ ነበሩ፣ ፊቱም በርቷል።

"መርቄልሻለሁ" አላት። "ሥራ ያስተማረኝ ኡስታዴ አዲስ ካውያ ሲገዛ የመጀመሪያውን ሞረድ ራሱ ነበር የሚያሳርፈው። ያልተሞረደ ካውያ ያልተላጨ ሙሽራ ነው ይል ነበር።"

እንደ ድሮው መዳብ መስሎት ነው። የአሁኑ ጫፍ ግን መዳቡ ከውስጥ ነው፤ ላዩ በስስ ብረት የተለበጠ ነው፤ ሞረድ ሲነካው ልብሱ ይገፈፋል። ነይላ ካውያውን አጋለችና ሊዱን አስነካችው። ሊዱ አልይዝም ብሎ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። መርፌ የነበረው ጫፍም ደንዝዟል። ሆል ሮድ ደግሞ ዛሬ በአድማ ዝግ ነው።

ነይላ ደግማ ሞከረች፤ ሊዱ ደግሞ ወረደ። ፈዝል የዶቃዎቹን ጠብታ ሰማ፤ ሞረዱን አስቀመጠ።

"አበላሸሁት እንዴ?"

ሙነዋር ያን ጊዜ ብትቆጣ ማንም አይፈርድባትም። ሌሊቱን እሳት፣ ንዝረት፣ ሌባ ስታስብ ነበር ያደረችው፤ ሞረድ ግን ትዝ አላላትም። የሻሿን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችና አዲሱን ጫፍ በልጇ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

"የነይላ አባት፣ እርስዎ ሚዜውን ነው የላጩት" አለች። "ሙሽራው ይኸው።"

ፈዝል ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሞረዱንም እንድትደብቅበት ለሙነዋር ሰጣት።

ነይላ ጫፉን ቀይራ ስፒናውን የሰካችው አባቷ ከሃያ ዓመት በፊት ከውሃው የእጅ ፓምፕ ሥር ከቀበረው የመሬት ሽቦ ጋር በተያያዘው የግድግዳ ሶኬት ላይ ነው። ከፓምፑ ሥር አፈሩ ስለማይደርቅ ያመለጠ መብራት በቀላሉ ይወርድበታል። ሙነዋር ጫፉን በቴስተሯ ነካች፤ ጨለማ ነው። "አሁን ሥሪ።"

እስከ አሥር ሰዓት አምስቱ ተነሡ። የመስሚያ መሣሪያ መዳኑ የሚታወቀው በእፍኝ ሲይዙት ሲያፏጭ ነው። ስድስተኛው ግን ዝም ብሎ ቆየ። ነይላ አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ እንደገና በየደች፤ ጨበጠችው። ከበረንዳው ፈዝል ቀድሞ ሰማው።

"አፏጨ" አለ። "ስድስት።"

ሐሙስ ነይላ ከትምህርት ቤቱ የክፍሉን ቁልፍ ይዛ መጣች። ሙነዋር ቁልፉን ተቀብላ ሳመችው። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ቦርሳዋን አነሣች።

"ወዴት ነው እማ?"

"የክፍሉ ግድግዳ የመሬት ሽቦ እንዳለው በምን አወቅሽ?"

"እኔማ ሳትፈትሺው እንዳትቀሪ ፈርቼ ነበር" አለች ነይላ፣ ጫማዋን መልሳ እያጠለቀች።