የተገለበጡት ሽቦዎች

ጊታር ጠጋኟ ጠዋት የሠራችውን ደጋግማ ታስባለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

ደንበኛው የሟች አባቷ ወዳጅ ነው፤ የጊታሩንም የውስጥ ሽቦ የዛሬ ሃያ ዓመት የዘረጋለት አባቷ ነው። አሁን ያዘዘው ትንሽ ነገር ነበር፦ የክሮቹን ንዝረት ወደ ድምፅ ከሚቀይሩት ሁለት ፒክአፖች ባለ ሁለት ጥቅሉ፣ ሲፈለግ በአንዱ የሽቦ ጥቅል ብቻ እንዲሠራ አንዲት ማብሪያ ትጨመርለት። ከሰዓት ከሚስቱ ጋር ስቱዲዮ ይገባሉ። ሚስቱ ከጉሮሮ ሕመሟ ወዲህ ገና መቅዳቷ ነው፤ ዛሬ ካልሆነላት ዳግም ላትዘፍን ምላለች።

ታዲያ ጠጋኟ ጠዋት የጊታሩን ሆድ ከፍታ ብታይ፣ የአንዱ ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ተበይደዋል። ሁለቱ ፒክአፖች አብረው ሲከፈቱ አንዱ የሌላውን እየበላ ድምፁ ይሳሳል። ብየዳው ደግሞ የአባቷ ነው፤ ያቺን እንደ ምስር የተድቦለቦለች የብየዳ ጠብታ የትም ብታያት አትስታትም። የባለሙያ ልጅ መሆን ክፉ ነው፤ የአባትን ስም ከአቧራ ሲጠብቁ መኖር ነው። ሰው ሳያይበት ብላ፣ ለማንም ሳትተነፍስ አቃናችው።

ደንበኛው መጣ። ሚስቱ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እሱ አዲሲቱን ማብሪያ ሞክሮ ወደዳት። ቀጥሎ የፒክአፕ መምረጫውን መሐል ላይ አድርጎ ሁለቱንም ፒክአፕ ከፈተ፤ ድምፁ ሞልቶ ክፍሉን አጥለቀለቀው። ሚስቱ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ሁለት ጊዜ ሞክራ ተወችውና ሻርፗን አጠበቀች።

ሰውዬው ፊቱን ሳያዞር ጠየቀ።

«ልጄ፣ መሐሉን ነካካሽው እንዴ?»

መዋሸት አማራት፤ ምላሷ ግን አልታዘዛትም።

«አባባ የተሳሳተ መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

«አልተሳሳተም። ጊታሬ የባለቤቴን ድምፅ እየዋጠ ሲያስቸግረን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጣት ሰንብቶ ነው የገለበጠው።»

ጠጋኟ አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ፈራች። ሽቦዎቹ አርጅተዋል፤ ጠዋት አንዴ እሳት ቀምሰዋል፤ ከሥራቸው ከተበጠሱ ዛሬ የሚተካቸው የለም። ለቀረጻው የቀረው አንድ ሰዓት ነው። የብየዳ ብረቱን አነሳች፣ አስቀመጠችው፣ መልሳ አነሳችው። አንዱ ሽቦ በቀላሉ ለቀቀ። ሌላው እምቢ አለ፤ ትንሽ ሳብ ብታደርገው ልባሱ ተሰነጠቀና ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ሽቦው ግን አልተበጠሰም። አቀያይራ በየደቻቸው፤ ጠብታዋ እንደ አባቷ አልተድቦለቦለችም፣ ጎርበጥ ያለች ናት።

ሰውዬው መሐሉን ከፈተ። ድምፁ ሳሳ። ሚስቱ ሻርፗን ላላ አድርጋ፣ ገና በሚሻክር ድምፅዋ ገባችበት፤ እያንዳንዱ ቃል ተሰማ።

ጠጋኟ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቀና አላለችም። ከዚያ የጊታሩን ሆድ ክዳን ከመግጠሟ በፊት እርሳስ አንስታ፣ በውስጥ በኩል፣ ከእሷ በኋላ ለሚከፍተው ጻፈች፦ «ስህተት አይደለም። አይነካ።»