ለተራራ የሚሆን ፍሪሲዮን

"አጥፊው!" ብሎ ጮኸ ቨርል።

ጃኒል አጠፋችው። ቨርል ጓንቱን በጥርሱ ስቦ አወለቀና በበረዶ ላይ የሚነዳውን የአዲሱን ሞተሯን የጎን ክዳን ከፍቶ መዳፉን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳረፈ። የዚህ ሸለቆ ሰው የፍሪሲዮንን ጤና የሚለካው እንዲህ በባዶ እጁ ነው። ወዲያው እጁን ነጠቀና ጣቶቹን እፍ እፍ አለባቸው።

"እንቁላል ይጠብስልሻል" አላት። "የሸጠልሽ ሰው ለቆላ አስተካክሎ ነው የላከልሽ። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። ፍሪሲዮኑ ውስጥ ያሉት ብረቶች ከብደውበታል።"

"ታዲያ በቀላል ቀይራቸዋ! ለሜዳ ብቻ ይሁን ግን። ተራራ አልወጣም ብዬሃለሁ።"

"ሰምቻለሁ። ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ?"

ተራራው ከቆሙበት የመኪና ማቆሚያ በላይ ተገትሯል። ባለፈው ክረምት በረዶው ተንዶ የዋጣት እዚያ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሯ የጃኒል አሮጌ ሞተር እዚያው ተቀብሮ ሲቀር፣ እሷን ጎረቤቷ ቨርል በአካፋ ቆፍሮ አወጣት። ከዚያ ወዲህ ልታመሰግነው አፏን በከፈተች ቁጥር "አካፋውን አመስግኚ" እያለ ያመልጣታል።

ቨርል ብረቶቹን ፈትቶ ቀለል ያሉ አስገባ። ቺንጊያውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ውጥረቱን አየና ትንሽ አላላው።

"በይ ሂጂ።"

ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ሳይንገራገጭ ተፈተለከ። ሜዳውን ዞራ ስትመለስ ፍሪሲዮኑ ለብ ከማለት አላለፈም። ጃኒል ደስ አላት። ይህ ሰው እሷን ከሞት ማትረፉ ሳያንሰው በዚህ ብርድ ቆሞ ጣቱን ያቃጥልላታል።

ዕቃውን ሲሰበስብ፣ ከመኪናው ኋላ ባለው ተጎታች ላይ የታሰረውን የእሱን ሞተር አየች። ከመንሸራተቻው ሥር ያለው ብረት ዝጓል። በየሳምንቱ በረዶ የሚፍቀው ብረት አይዝግም።

"ዘንድሮ ተራራ ከማን ጋር ወጣህ?" አለችው።

"ጉልበቴን አሞኝ ነበር።"

"የቱን ጉልበትህን? ትናንት ጣራ ላይ ወጥተህ በረዶ ስትጠርግ አይቼሃለሁ!"

ቨርል ብሎን የጠፋበት ይመስል የመፍቻ ሳጥኑን ያገላብጥ ጀመር። በረዶ ቢናድ ቆፍሮ የሚያወጣ ሰው ስለሚያስፈልግ ተራራ ለብቻ አይወጣም፤ ለዓመታት አብራው የምትወጣው ደግሞ እሷ ነበረች። ሌሎች "ና እንሂድ" ሲሉት እምቢ ማለቱን ሰምታለች። ምክንያቱ የገባት ግን አሁን ነው።

"ስትጠብቀኝ ነበር እንዴ?"

"አንቺ ደግሞ የምትጠበቂ ሰው ነሽ?" አለ ቀና ሳይል።

ዓይኗ በእንባ ተሞላ። "አንተ ሰው፣ ዛሬ እንኳ ዝም ብለህ ስማኝ። እግዜር ይስጥህ። ስላወጣኸኝም፣ ተራራ ውጪ ብለህ ስላልጨቀጨቅከኝም።"

"እሺ" አለ ቨርል።

ጃኒል የሞተሯን ክዳን መልሳ ከፈተች። "ከሁሉም የቀለሉትን ብረቶች አምጣቸው። ለተራራ የሚሆኑትን።"

"ዛሬ?"

"ጠዋት በረዶው ረግቷል ብለህ የለ? እስከ ጥዶቹ ብቻ ወጥቼ ሞተሩ ጉልበት ማግኘቱን አያለሁ። ከዚያ አንተ እስከ ጫፉ ትወጣለህ፤ ከታች ቆሜ የምጠብቅህ እኔ ነኝ።"