ስም የማይጠራበት ኮረብታ

ፍቃዱ አፉ አያርፍም። ከአቦቦ ከተማ ተነስተው የምሥራቁን ዳገት እስኪያጋምሱ ድረስ፣ ላይ ያለው ጥንታዊ መንደር ጎብኚ እንዴት እንደሚጎርፍለት ሲያወራ ነበር። የቱሪዝም ባለሙያ ነው፤ የመጣውም ፎቶ ሊያነሳ ነው። ሚስቱ ቤርሳቤ ግን ቅዳሜን ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሙቀት ላምልጥ ብላ ነው የተከተለችው። ለቱሪዝሙ ደንታም የላት።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ምንም ጥሟት አያውቅም። እናቷ ደብረ ብርሃን ላይ ስታጣጥር መንገድ ተዘግቶ አልደረሰችላትም። አስታማሚዎቹ እንደነገሯት፣ እናቷ እስከ መጨረሻው «ቤርሳዬ! ቤርሳዬ!» እያለች ተጣርታ፣ የሚመልስላት አጥታ ነው የሄደችው። ይህን የነገሯት ሰዎች አፋቸውን ቢይዙ ምን ነበረባቸው!

መሪያቸው አኳይ፣ ከዳገቱ ሥር የተወለዱ ሽማግሌ ናቸው። መንደሩ ዳር ሲደርሱ ቆሙ። ፍቃዱ አንድ ግዙፍ ዛፍ ፎቶ ሊያነሳ ወደ ኋላ ቀርቷል።

«እዚህ እኛ ስም አንጠራም» አሏት። «ሰው ስንፈልግ እናጨበጭባለን። ስምሽን የሚጠራ ካለ፣ እሱ እኛ አይደለም። ዝም በይ። መልስ ካገኘ ይወስዳል።»

«የመለሰለትን ነው የሚወስደው አባባ?»

«አይደለም። ስሙ የተጠራውን።»

ቤርሳቤ ፈገግ አለች። ነርስ ናት፤ ስንቱን ሰምታለች።

መንደሩን ሰው ከለቀቀው ስንት ዘመን አልፏል። የቀረው የጎጆዎቹ ክብ መሠረት፣ ለሁለት የተሰነጠቀ የወፍጮ ድንጋይና የእንስራ ስብርባሪ ነው። ግን አንድ ቅጠል እንኳ መሬት ላይ አይታይም፤ ግቢው ዛሬ ጠዋት የተጠረገ ይመስላል። ማን እንደሚጠርገው ጠየቀቻቸው። አኳይ እርምጃቸውን አፍጥነው ቀደሟት።

«ቤርሳዬ!»

ከወፍጮው ወዲያ ነው። በዚያ ስም የሚጠራት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር።

አኳይ በኃይል አጨበጨቡ። «ወደ እኔ! ወደ እኔ ነይ!»

«ቤርሳዬ፣ የት ነሽ ልጄ?»

አፏ ሳታስበው ተከፈተ። ባለጌ አድርገው አላሳደጓትም፤ እናት ጠርታ ዝም ማለት የሚባል ነገር አታውቅም። ቢሆንም ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ እንባዋ በጣቶቿ መሀል እየወረደ፣ ወደ ጭብጨባው ተጎተተች። ለሁለተኛ ጊዜ እናቷን ዝም አለቻት። ድምፁ ግን እየደከመ፣ እየራቀ ሄደ። ትንሽ ብትታገስ ያልፋል።

ፍቃዱ ካሜራውን አንግቶ ብቅ ያለው ይሄኔ ነው።

«ኧረ ሴትዮዋ እየጠሩሽ ነው! ምን ሆነሽ ነው ዝም የምትያቸው?» ብሎ ሚስቱን ገሠጻትና፣ ድምፁ የማን እንደሆነ ሳያስተውል፣ እንደ ደግ ጎረቤት ጮክ ብሎ በእሷ ፋንታ መለሰ። «መጣች እማማ! መጣች!»

የአኳይ እጆች አየር ላይ ቀሩ።

ከወፍጮው ወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ብዙ ጠብቆ አሁን እፎይ ያለ ሰው ትንፋሽ።

«እሰይ! በይ ቶሎ ነይ፣ እንዳይመሽብሽ።»

ቤርሳቤ ባሏን ልትይዘው ፈለገች፤ እጇ አልታዘዝ አላት። እግሯ ወደ ድምፁ ዞሯል። መፍራት ነበረባት። እሷ ግን ደስ ብሏታል፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጅ ደስ ብሏታል።

«ሂጂና ሰላም በያቸው እንጂ፤ ምን ታስጠብቂያቸዋለሽ?» አላት ፍቃዱ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ።